ከአራተኛው ድል በኋላ ውል አትፈርሙ

ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የቦርድ አባላትና ሥራ አስኪያጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላትና ሥራ አስኪያጆች፣

በየውድድር ዘመኑ ከእናንተ መካከል ቢያንስ አንዱ ቦርድ ይህ ነገር ይገጥመዋል። ቡድኑ በተከታታይ ይሸነፋል፣ ደጋፊው ይቆጣል፣ ቦርዱ ማምሻውን ተሰብስቦ ዋና አሰልጣኙን ያሰናብታል። በማግስቱ ቋሚ አሰልጣኝ እስኪቀጠር ድረስ ምክትሉ ቡድኑን በጊዜያዊነት እንደሚመራ የሚገልጽ ሦስት መስመር መግለጫ ይወጣል። ያ ምክትል ለቀጣዩ ጨዋታ የቀረው ሦስት ቀን ነው። አሰላለፉን በአንድ ሁለት ቦታ ይቀይራል፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የከረመ አንድ ተጫዋች ያስገባል፣ ያሸንፋል። ከዚያም ይደግማል። ሦስተኛውንና አራተኛውን ሲያሸንፍ በስታዲየሙ ከካታንጋ እስከ ጥላ ፎቅ ስሙ ይዘመራል፣ በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራሞች ላይ ደዋዩ ሁሉ "ምን ትጠብቃላችሁ?" ይላችኋል። ከቦርድ አባላት አንዱም ዛሬ ነገ ሳንል እናስፈርመው ብሎ ሐሳብ ያቀርባል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ሳምንት ነው። ጊዜያዊ አሰልጣኝ ቋሚ መሆን የለበትም የሚል አቋም የለኝም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከውጭ ከሚመጣው ሰው የተሻለ ምርጫ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የምለምናችሁ ግን ውሉን በዚያች ሳምንት እንዳትፈርሙ ነው። ምክንያቴን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ከሩቅ አገር የሆኑትን ምሳሌዎች የማነሳውም የእኛ ደጋፊ ቅዳሜና እሁድ በየቤቱና በየካፌው የተመለከታቸው፣ እናንተም በዓይናችሁ ያያችኋቸው ስለሆኑ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንቀበል። አሰልጣኝ የሚሰናበተው ቡድኑ ከአቅሙ በታች ወርዶ በሚገኝበት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ማንም ቢሆን ውጤቱ በአብዛኛው ወደ ላይ ይላል፤ ምክንያቱም ቡድኑ ወደ ትክክለኛ ደረጃው እየተመለሰ ነው። የኔዘርላንዱ የምጣኔ ሀብት ምሁር ባስ ቴር ዌል እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ድረስ ያለውን የአገሩን ከፍተኛ ሊግ ውጤት መርምሮ ነበር። አሰልጣኝ ያሰናበቱ ክለቦች ከስንብቱ በኋላ ተሻሽለዋል። ነገር ግን በተመሳሳይ የውጤት ማሽቆልቆል ውስጥ ገብተው አሰልጣኛቸውን ያላሰናበቱ ክለቦችም በዚያው መጠን ተሻሽለው ተገኙ። ይህ ማለት ከአራቱ ድሎች ውስጥ የትኛው የጊዜያዊው አሰልጣኝ ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ያለ እሱም ይመጣ እንደነበር በአራት ጨዋታ ለይቶ ማወቅ አይቻልም ማለት ነው። ሰውየው ደካማ ነው ማለት አይደለም። ገና አልታወቀም ማለት ነው።

በዚህ ላይ ጊዜያዊነት ራሱ የሚሰጠው ነፃነት አለ። ተቃራኒ ቡድን በአዲሱ ሰው አጨዋወት ላይ የሚያጠናው ቪዲዮ የለውም። በቀድሞው አሰልጣኝ የተገፋው ተጫዋች ራሱን ለማሳየት በእጥፍ ይሮጣል፤ ኮከቡም ቢሆን ቦታው እንደማያስተማምን ስለሚያውቅ አያጉረመርምም። ቢሸነፍ ጥፋቱ ያለፈው አሰልጣኝ ነው፣ ቢያሸንፍ ምስጋናው የእሱ። ቋሚ ውል በተፈረመ ማግስት ይህ ሁሉ ይቀራል። ያን ጊዜ ስለ ዝውውር ይጠየቃል፣ ስለ ቅድመ ውድድር ዝግጅት ይጠየቃል፣ ውሉ ስለሚያልቅ ተጫዋች ይጠየቃል፣ የተጫወተውና ያልተጫወተው ተጫዋች በመልበሻ ክፍል ውስጥ ዳግም ጎራ ይለያል። እንግዲህ በአንዱ ሥራ ላይ ያያችሁትን ሰው ለሌላ ሥራ ነው የምትቀጥሩት።

የማንቸስተር ዩናይትድን ታሪክ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ጆዜ ሞሪንሆ በሊቨርፑል 3 ለ 1 ተሸንፎ ሲሰናበት ቡድኑ ከመሪው በ19 ነጥብ ርቆ 6ኛ ደረጃ ላይ ነበር። ኦሌ ጉናር ሶልሻዬር ከኖርዌዩ ሞልደ እስከ ዘመኑ መጨረሻ ድረስ ብቻ እንዲያግዝ ተጠራ። በ1999 በካምፕ ኑ በባየርን ሙኒክ ላይ የመጨረሻዋን ግብ ያገባ ሰው ነውና ደጋፊው ገና ሜዳ ሳይገባ ወደደው። የመጀመሪያ ጨዋታውን በካርዲፍ 5 ለ 1 አሸነፈ። ዩናይትድ በአንድ የሊግ ጨዋታ አምስት ግብ ሲያስቆጥር ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከተሰናበቱበት የ2013 የመጨረሻ ጨዋታ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በሁሉም ውድድሮች የመጀመሪያዎቹን 8 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ። ፖግባ ተፈታ፣ ራሽፎርድ በረረ።

ከዚያ የፓሪሱ ምሽት መጣ። በኦልድ ትራፎርድ 2 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን፣ አሥር ተጫዋቾቹ በጉዳትና በቅጣት የሌሉበት፣ በፓሪስ ሴንት ዠርሜን ሜዳ በመጨረሻው ደቂቃ የራሽፎርድ ፍጹም ቅጣት ምት 3 ለ 1 አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ገባ። በሻምፒዮንስ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳው በሁለት ግብ ተሸንፎ ያለፈ ቡድን እስከዚያ ቀን አልነበረም። በዚያች ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ያልጮኸ የዩናይትድ ደጋፊ ማን ነበር? በቴሌቪዥን ስቱዲዮ የተቀመጡ የቀድሞ የክለቡ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ውሉ ዛሬውኑ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብለት አሉ።

የዩናይትድ ቦርድም መጋቢት 28 ቀን 2019 የሦስት ዓመት ውል አስፈረመው። እስከዚያ ቀን ካደረጋቸው 19 ጨዋታዎች 14ቱን አሸንፎ፣ በሁለቱ አቻ ወጥቶ፣ በሦስቱ ተሸንፎ ነበር። በወረቀት ላይ ግሩም ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከፓሪስ ድል ወዲህ የተደረጉትን ሁለት ጨዋታዎች፣ በሊጉ በአርሰናል፣ በኤፍኤ ካፕ በዎልቭስ፣ ተሸንፎ ነበር። ቡድኑ መዛል ጀምሮ ነበር። ሊጉ ሊያልቅ 8 ጨዋታ ቀርቶታል፣ ከባርሴሎናም ጋር ሁለት ጨዋታ አለ። ድሮውንም ስምምነቱ እስከ ዘመኑ መጨረሻ ስለነበር ማንም ሰውየውን ሊወስድባቸው አይችልም። ውሉ ለሁለት ወር ቢቆይ ክለቡ የሚያጣው አንዳች ነገር አልነበረም።

ከፊርማው በኋላ በተደረጉት በእነዚያ 10 ጨዋታዎች ዩናይትድ ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው። በኤቨርተን 4 ለ 0 ተሸነፈ፣ በባርሴሎና በደርሶ መልስ 4 ለ 0 ተረታ፣ ቀድሞ ከወረደው ሃደርስፊልድ ጋር አቻ ወጣ፣ በመጨረሻው ቀን በሜዳው በካርዲፍ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ሶልሻዬር ሥራውን በ5 ለ 1 ድል የጀመረበት ካርዲፍ ማለት ነው። ዘመኑን 6ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሞሪንሆ ሲሰናበት የነበረበት ደረጃ።

ይህን የማነሳው ሶልሻዬርን ለማዋረድ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቡድኑን አንድ ጊዜ 3ኛ፣ አንድ ጊዜ በ74 ነጥብ 2ኛ አድርጓል፤ በ2021 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም አድርሶ በቪያሪያል በመለያ ምት 11 ለ 10 ነው የተሸነፈው። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ያንን አላገኙም። ምናልባት በግንቦት ወር ላይ፣ ሁሉም ነገር ታይቶ፣ ከሌሎች ዕጩዎች ጋር ተመዛዝኖም ሥራው ለእሱ ይገባ ይሆናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ቦርዱ ያንን ምዘና በገዛ እጁ መጣሉ ነው። ሰውየው ሲሸነፍ ምን እንደሚያደርግ፣ ቡድኑ ሲደክም በምን እንደሚያነሳው፣ ተቃራኒው አጨዋወቱን ካወቀበት በኋላ ምን ሌላ መላ እንዳለው የሚታይባቸው 10 ጨዋታዎች ከፊት ነበሩ። እነሱን ሳያይ ፈረመ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ክለቡ በኅዳር 2021 በሊቨርፑል 5 ለ 0 እና በዋትፎርድ 4 ለ 1 ከተሸነፈ በኋላ በዚያው ዓመት ሐምሌ ያራዘመለትን ውል ካሳ ከፍሎ አሰናበተው።

ቼልሲና ሮቤርቶ ዲ ማቴዮም አሉ። በመጋቢት 2012 ከምክትልነት ተነስቶ የኤፍኤ ካፕንና የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ያነሳ፣ ባየርንን በራሱ ሜዳ በመለያ ምት ያሸነፈ ሰው። በሊጉ ግን ቡድኑ 6ኛ ነበር የጨረሰው። በሰኔ ወር የሁለት ዓመት ውል ሰጡት፣ በኅዳር አሰናበቱት። እዚህ ላይ ጥፋቱ የዲ ማቴዮ ነው ብዬ አላምንም፤ ቦርዱ ዋንጫው አስገድዶት ፈረመ እንጂ በሰውየው አላመነበትም ነበር። ያላመናችሁበትን ሰው በደጋፊ ጩኸት ብታስፈርሙ በመጀመሪያው ሽንፈት ትጥሉታላችሁ። ሌስተር በ2017 ክላውዲዮ ራኒየሪን ያህል ሰው አሰናብቶ ምክትሉን ክሬግ ሼክስፒርን አነሳ፣ ቡድኑ ከወራጅ ቀጠና ወጥቶ 12ኛ ሆነ፣ በሰኔ የሦስት ዓመት ውል ሰጠው፣ በጥቅምት አሰናበተው። የሪያል ማድሪዱ ሳንቲያጎ ሶላሪ ደግሞ በ2018 አራቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ እስከ 2021 የሚዘልቅ ውል አገኘ። በስፔን ጊዜያዊ አሰልጣኝ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየት እንደማይችል ደንቡ ስለሚያስገድድ የማድሪድ ቦርድ ጊዜ አልነበረውም። ሶላሪ አራት ወር አልሞላም፤ በአያክስ በሜዳው 4 ለ 1 ከተሸነፈ በሳምንቱ ተሰናበተ። እናንተን ግን እንዲህ ያለ ደንብ አላስገደዳችሁም። ጊዜ አላችሁ።

በተቃራኒው የባየርን ሙኒክን አካሄድ እዩልኝ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለእናንተ ይጠቅማል ብዬ በጣም የምፈልገው እሱን ነው።

በኅዳር 2019 መጀመሪያ ባየርን በፍራንክፈርት 5 ለ 1 ተሸንፎ ኒኮ ኮቫች ለቀቀ። ምክትሉ ሃንሲ ፍሊክ መጀመሪያ የተሰጠው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ኦሊምፒያኮስና ዶርትሙንድ። ዶርትሙንድን 4 ለ 0 ደቆሰ። ደጋፊው ፈርሙለት አለ። ቦርዱ ግን ቢያንስ እስከ ገና ይቀጥል ብሎ ወሰነ። ከዚያ የሆነውን ብዙ ሰው ረስቶታል፤ ፍሊክ በሌቨርኩዘን 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በግላድባህ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ባየርን 7ኛ ደረጃ ላይ ወረደ። በእነዚያ ጨዋታዎች ቡድኑ ዕድሎችን ይፈጥር፣ ኳስ ይቆጣጠር፣ ተቃራኒውን በራሱ ሜዳ ላይ ያፍን ነበር፤ ግብ አጣ እንጂ አጨዋወት አላጣም። የክለቡ ኃላፊዎች ይህንን አዩ። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከመሪው በ4 ነጥብ ርቀው ሳሉ፣ እስከ ዘመኑ መጨረሻ አራዘሙለት። በሚያዝያ 2020 እስከ 2023 የሚዘልቀውን ውል ፈረሙ። በዚያ ክረምት ባርሴሎናን 8 ለ 2 አሸንፎ፣ በፍጻሜው ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን 1 ለ 0 ረትቶ የሦስት ዋንጫ ባለቤት ሆነ።

ባየርን ሰውየውን አራት ጊዜ መዘነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ ተጨማሪ እምነት ተሰጠው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሽንፈት ጊዜ አይቶታል። ሶልሻዬርን በድሉ ሞቅታ አስፈረሙት፤ ፍሊክን ከሁለት ሽንፈት በኋላ አራዘሙለት። እኔ ከሁለቱ የቱን ክለብ እንደምታመሰግኑ አልጠራጠርም፤ በራሳችሁ ክለብ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነው የምታደርጉት።

ከብሔራዊ ቡድኖችም ቢሆን ትዕግሥት ያፈራቸው አሉ። የኮትዲቯር እግር ኳስ ፌዴሬሽን በገዛ አገሩ ባዘጋጀው የ2023 የአፍሪካ ዋንጫ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተሸንፎ ዣን ሉዊ ጋሴን ሲያሰናብት፣ ቡድኑ ማለፉ ገና አልተረጋገጠም ነበር። ምክትሉ ኤመርስ ፋኤ በጊዜያዊነት ተረከበ፤ ሴኔጋልን፣ ማሊን፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎን፣ በፍጻሜው ናይጄሪያን አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ቋሚ አሰልጣኝ የሆነው ውድድሩ አልቆ ነው። ከዚያም ኮትዲቯር ለ2026 የዓለም ዋንጫ በማጣሪያው አንድም ግብ ሳይቆጠርባት አለፈች። ሊዮኔል ስካሎኒም በ2018 የአርጀንቲናን ቡድን ሲረከብ ጊዜያዊ ነበር። በ2019ኙ የኮፓ አሜሪካ በግማሽ ፍጻሜ በብራዚል ተሸንፎ 3ኛ ሲወጣ አላባረሩትም። በኳታር የዓለም ዋንጫን አነሳ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰርቢያዊው አሰልጣኝ ጋር ከተለያየ በኋላ ቡድኑን የተረከቡት ምክትሉ አሰልጣኝ ዘሪሁን ሸንገታ ነበሩ። ፈረሰኞቹ በዚያው ዓመትም በቀጣዩ 2015ም ሻምፒዮን ሆኑ። ይህ ምሳሌ ለእናንተ የቅርብ ነው። ክለቡን የሚያውቅ፣ ከተጫዋቹ ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ የደጋፊውን ባህርይ ያየ ምክትል ስንት ነገር ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ስለዚህ ምክትል ስለሆነ ብቻ አይበቃም የሚሉትን አትስሟቸው። በእኛ ዘንድ ይህ በሽታ አለ፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው የሚያንስብን፣ ከሩቅ የመጣው የሚገዝፍብን። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013ቱ የደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ ዋንጫ አሳትፈው በዓመቱ ሲሰናበቱ፣ የተተኩት በፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ነበር። ባሬቶ አንድ ዓመት ያህል ቆይተው ሄዱ። ቡድኑም እንደገና ከዜሮ ጀመረ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በሌላኛው ጠርዝ ላይ ናችሁ። ውል ላለመፈረም ስትሉ ሰውየውን ወር ከወር በጊዜያዊነት ታንጠለጥሉታላችሁ። ይህም እንደ ችኮላው ያህል ይጎዳል። ቶተንሃም በመጋቢት 2023 አንቶኒዮ ኮንቴን አሰናብቶ ምክትሉን ክርስቲያን ስቴሊኒን አስቀመጠ፤ ከወር በኋላ በኒውካስል 6 ለ 1 ሲሸነፍ እሱንም አንስቶ በጊዜያዊ ላይ ሌላ ጊዜያዊ አመጣ። ጊዜያዊነት መሸሸጊያ ከሆነ ቦርዱ አልወሰነም ማለት ነው። የዝውውር መስኮት ሲከፈት ማን ይፈለጋል ብሎ የሚናገር የለም። ውሉ የሚያልቅ ተጫዋች ማንን ያነጋግር? ወጣት ቡድኑን የሚያሠለጥነው ሰው የትኛውን አጨዋወት ያስተምር? በእኛ ሊግ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ በሐምሌ አዲስ በጀት ይመጣል፣ በክረምቱ ዝግጅት ይጀመራል። ውሳኔው ከዚያ ካለፈ አዲሱ ሰው ማንም ይሁን ማን ሌላ ሰው በሰበሰበው ቡድን ነው የሚጀምረው።

ስለ ሰውየው ራሱ ደግሞ ልናገር፤ ይህ ነገር በልቤ ውስጥ ከሌላው ሁሉ በላይ ነው። በአገራችን ጊዜያዊ ተብሎ የሚሾም ምክትል አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ አይሰጠውም። በቃል ነው የሚነገረው። ደመወዙ የምክትል ነው፣ ጫናው የዋና አሰልጣኝ። ረዳት የሚሆነው ሰው አይጨመርለትም፤ ራሱ የለቀቀው ወንበር ባዶ ነው። ቡድኑን ከወራጅ ቀጠና አውጥቶ ሲያበቃ አዲስ አሰልጣኝ ይመጣል፣ አዲሱ አሰልጣኝ የራሱን ምክትሎች ይዞ ይመጣል፣ ያ ክለቡን ያዳነው ሰው ሜዳ ዳር ቆሞ የሚሠራው ያጣል። በማንቸስተር ያየነውም ይኸው ነው። ማይክል ካሪክ በ2021 በሦስት ጨዋታ ሳይሸነፍ አስረክቦ ወጣ። ሩድ ቫን ኒስትልሮይ በ2024 በአራት ጨዋታ ሦስት ድልና አንድ አቻ አስመዝግቦ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ከነረዳቶቹ ሲመጣ ተሸኘ። እነሱ ስማቸው የሚያስቀጥራቸው የቀድሞ ኮከቦች ናቸው። የእኛ ምክትል አሰልጣኝ ግን ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚያች ደመወዝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የጊዜያዊነት ጥያቄ ሲቀርብለት እምቢ ማለት አይችልም፣ እሺ ሲል ደግሞ የነበረውን ሥራ ሊያጣ ይችላል። ይህን ያህል አደጋ ለእናንተ ሲል የተሸከመ ሰው ቢያንስ ግልጽነት ይገባዋል።

ሰውየውን ስትመዝኑት ምን እንደምታዩም ላንሳ። የነጥብ ሰንጠረዡን ለብቻው አትዩት። የሊጋችን ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ስለሚካሄዱና በየጥቂት ቀኑ ስለሚደረጉ፣ ጊዜያዊው አሰልጣኝ በልምምድ ሜዳ የሚያገኘው ቀን ጥቂት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ አጨዋወት ያስተምር ማለት አይቻልም። ይልቅ አንድ የቦርድ አባል፣ እግር ኳስ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል፣ ልምምዱን ሄዶ ይይ። የግብ ዕድሎችን ይቁጠር፤ ቡድኑ ያሸነፈው ተጫውቶ ነው ወይስ በግብ ጠባቂው ነፍስ? ሲመራ ምን ቀየረ፣ ሲመራበትስ? ከ20 ዓመት በታች ቡድን ማንን አየ? የተቆጣ ተጫዋች ሲገጥመው በአደባባይ ነው የተናገረው ወይስ ለብቻው? ተሸንፎ መግለጫ ሲሰጥ ዳኛውን ከሰሰ ወይስ ስለ ቡድኑ ተናገረ? ከዚያ በኋላ ቁጭ አድርጋችሁ ስለ ቀጣዩ ዓመት ጠይቁት። ማንን ትለቃለህ፣ ማንን ትፈልጋለህ፣ በዚህ በጀት ምን ትሠራለህ በሉት። ለሌሎች ዕጩዎች የምታቀርቡትን ጥያቄ ሁሉ ለእሱም አቅርቡለት። በዚያ ፈተና ካለፈ እንደ ማንኛውም ከውጭ እንደመጣ ሰው ሙሉ ውል፣ ሙሉ ሥልጣን፣ የራሱን ረዳቶች የመምረጥ መብት ስጡት። በምክትል ደመወዝ ላይ ትንሽ ጨምሮ ዋና አሰልጣኝ ብሎ መጥራት ቋሚ ማድረግ አይደለም።

ገንዘቡንም አስቡት። አብዛኞቻችሁ የምትተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በድል ሳምንት የተፈረመ የሁለት ዓመት ውል በአራተኛው ወር ሲፈርስ ካሳው የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው። ካልተከፈለ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ፌዴሬሽኑ የፍትሕ አካላት ይሄዳል፤ የውጭ ዜጋ ከሆነ እስከ ፊፋ ይደርሳል። ያ ገንዘብ የልምምድ ሜዳ ሣር ማስተካከል ይችል ነበር፣ የወጣት ቡድን አውቶቡስ ይሆን ነበር።

ለደጋፊ ማኅበራት አመራሮችም አንድ ቃል አለኝ፣ ደብዳቤው ለእናንተም ይነበባልና። የአሰልጣኙን ስም መዘመር መብታችሁ ነው፣ ዘምሩለት። ነገር ግን ቦርዱ እስከ ዘመኑ መጨረሻ እንጠብቃለን ሲል ሰውየውን የጠላ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። መጠበቁ ለእሱም ጥሩ ነው፤ በጨዋታ ብዛት የተረጋገጠ ሥራ ይዞ የሚፈርም አሰልጣኝ በሦስት ሽንፈት የሚነቀል አይሆንም።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ የምጠይቃችሁ ከሚቀጥለው የውድድር ዘመን በፊት በክለባችሁ የውስጥ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ እንድትጨምሩ ነው። ጊዜያዊ አሰልጣኝ ሲሾም በጽሑፍ ይሾም፤ በሥራው ላይ እስካለ ድረስ የዋና አሰልጣኝ ደመወዝ ያግኝ፤ ካልተመረጠ ወደ ቀድሞ ቦታው የመመለስ ወይም በክብር ካሳ ተቀብሎ የመሄድ መብቱ ይጠበቅ፤ ስለ ቋሚነቱ የሚወሰንበት ቀን በሹመቱ ደብዳቤ ላይ ይጻፍ፤ ያም ቀን ከዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ በኋላ፣ ከሰኔ 30 በፊት ይሁን። እስከዚያ ቀን ድረስ አሥር ጨዋታ ቢያሸንፍም ቀኑ አይቅደም፣ አራት ቢሸነፍም ቀኑ አይታጠፍ።

ዛሬ በጊዜያዊ አሰልጣኝ የምትመሩ ክለቦች ካላችሁ ግን ደንቡ እስኪወጣ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሰውየውን ቢሮ ጥሩት፣ ደብዳቤውን ስጡት፣ መልሱን የሚያገኝበትንም ቀን ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር፣

የአገሩን ሊግ የሚወድ አንድ ተመልካች